ካርቦን ከላይ ይግባ፣ ከታች ይቅር

በአዲስ አበባ መሀል የስፖርት መኪና የሚያሽከረክር ሰው የካርቦን ፋይበር፣ ማለትም ከካርቦን ክር ጨርቅና ከሙጫ የተሠራ ቀላል አካል ለማስገጠም ሲነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመኪናው የታችኛው ክፍል ነው። ከፊት ፓራውልት ሥር የሚገባው ምላስ፣ በበሮቹ ሥር የሚዘረጋው ቀሚስ እና ከኋላ ፓራውልት ሥር የሚታየው ዲፊውዘር የተባለው የአየር መምሪያ ቀድመው ይገዛሉ። ዋጋቸው ከኮፈን ያነሰ ነው፣ ለመግጠም ቀላል ይመስላሉ፣ ፎቶግራፍ ላይም ጎልተው ይታያሉ። ስለ እነዚህ አካላት የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስለበዙ፣ በቅርቡ ለአንድ ጓደኛዬ መኪና የካርቦን ኮፈን ስናስገጥም ያየሁትን እና ከዚያ በፊት በራሴ መኪና ላይ የተማርኩትን አሰባስቤ መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በእኛ ከተማ ካርቦን ፋይበር ዋጋውን የሚያወጣው ከላይ ሲገባ፣ ማለትም የፊት ኮፈን (የሞተሩ ክዳን) ወይም የኋላ ኮፈን (የዕቃ መጫኛው ክዳን) ሲሆን ነው፤ ከታች የሚገባው ግን ቢቀር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያቴ አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ እዚህ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የፊት ምላስም ሆነ የኋላ ክንፍ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው በአየሩ ጥግግት ልክ በመሆኑ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚያስገኘው ጫና በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ጫናው ከፍጥነቱ ጋር በካሬ የሚያድግ ነው፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው ጫና በ50 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ መኪና ምላሱ ሥራ የሚጀምርበት ፍጥነት ላይ አይደርስም፣ ሊደርስም አይገባም። በአንጻሩ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት በግምት አንድ አምስተኛውን እዚሁ ያጣል። ጉልበት ባነሰበት ቦታ ደግሞ የቀለለ መኪና ጥቅሙ ይበልጥ ይሰማል፤ ክብደቱ የተቀነሰው ከመኪናው የላይኛው ክፍል ከሆነ የክብደቱ መሀል ዝቅ ስለሚል፣ መኪናው ኩርባ ላይ የሚያሳየው ጠባይም አብሮ ይሻሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ እና ከሜክሲኮ የሚነሡት ዋና ዋና ጎዳናዎች ተስተካክለዋል፤ ነገር ግን መኪና ቀኑን ሙሉ በዋና ጎዳና ላይ አይውልም። ወደ ሰፈር ስንገባ ኮብልስቶኑ፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታው፣ የሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ መግቢያው ቁልቁለት እና በክረምት ጎርፍ ተሸክሞት የሚመጣው ድንጋይ ይጠብቁናል። ላሜራ ሲመታ ይጎደጉዳል፣ ፕላስቲክ ሲመታ ይታጠፋል፤ ካርቦን ፋይበር ግን እስከ አቅሙ ድረስ ምንም ሳይል ይቆይና ከዚያ በኋላ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ጠርዝ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ስለሆነ፣ እግረኛ በሚበዛበት ከተማ ከጉልበት በታች የተንጠለጠለ የተሰበረ ካርቦን ይዞ መንቀሳቀስ ለሰውም አደጋ ነው። ስለ ታችኛው ክፍል ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ኮፈን ለመግዛት የወሰነ ሰው ከሁሉ በፊት ሊይዘው የሚገባው መሣሪያ ማግኔት ነው፤ ማግኔት ብረትን ይይዛል፣ አሉሚኒየምን ግን አይዝም። ብዙ የስፖርት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ኮፈናቸው አሉሚኒየም መሆኑን ባለቤቶቹ ሳያውቁ ይቀራሉ። የቶዮታ 86፣ የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ 5፣ የሆንዳ ኤስ 2000፣ እንዲሁም ከ2015 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ያለው ፎርድ ማስታንግ ኮፈኖች ሁሉ አሉሚኒየም ናቸው። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ብረት 7.8 ግራም፣ አሉሚኒየም 2.7 ግራም፣ ካርቦን ፋይበር ከነሙጫው 1.6 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ ብረትን በካርቦን የተካ ሰው ልዩነቱን በእጁ ሲያነሣው ያውቀዋል፣ አሉሚኒየምን በካርቦን የተካ ሰው ግን የገዛው በአመዛኙ መልኩን ነው። የእኔ መኪና 86 በመሆኑ የፊት ኮፈኑን አልነካሁትም፤ ማግኔቱ የያዘው የኋላ ኮፈኑን ስለነበር እሱን ብቻ ለወጥኩ። የጓደኛዬ መኪና ደግሞ ኢ 46 በሚባለው ትውልድ የተሠራ ቢኤምደብሊው 330 ሲአይ ኩፔ፣ ማለትም ባለ ሁለት በር መኪና ነው። የዚህ ትውልድ የስፖርት ዓይነት የሆነው የኤም 3 ኮፈን አሉሚኒየም ሲሆን የሌሎቹ ግን ብረት ነው፤ በእሱ መኪና ላይ የፊት ኮፈን መለወጥ በእርግጥም ትርጉም ነበረው።

ካርቦን ከላይ ይግባ የሚለው ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ማክላረን ኤምፒ 4/1 በተባለው መኪናው ሙሉ የካርቦን ፋይበር ሞኖኮክ (የመኪናው አጽም የሆነ አንድ ወጥ አካል) ይዞ ወደ ፎርሙላ 1 የገባው በ1981 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ቢኤምደብሊው ደግሞ ከጓደኛዬ መኪና ጋር አንድ ትውልድ የሆነውን ኤም 3 ሲኤስኤል በ2003 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ጣሪያውን በካርቦን ሠራው። መሐንዲሶቹ ለጣሪያው ቅድሚያ የሰጡት ከመሬት የራቀው ክብደት መኪናውን ይበልጥ ስለሚያወዛውዘው ነው። ሆኖም ጣሪያ መለወጥን ለማንም አልመክርም። ጣሪያ የመኪናው አጽም አካል ነው፤ በአደጋ ጊዜ ሰውን የሚጠብቀውን ብየዳ ቆርጦ በማጣበቂያ መተካት የፋብሪካ ሥራ እንጂ የጋራዥ ሥራ አይደለም። ኮፈን ግን በቡሎን የሚገባና በቡሎን የሚወጣ ስለሆነ መኪናው ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል።

ገበያ ላይ ካርቦን ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጣም ርካሹ ከላይ አንድ ንብር የካርቦን ጨርቅ፣ ከሥሩ ፋይበር ግላስ ሆኖ ሙጫው በእጅ በብሩሽ የተቀባ ነው፤ ይህ ዓይነቱ አንዳንዴ ከአሉሚኒየም ኮፈን ጋር እኩል፣ አልፎም የበለጠ ይመዝናል። መካከለኛው ጨርቁ ደረቁን ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ከተነጠፈ በኋላ ሙጫው በቫኪዩም እየተሳበ እንዲያርሰው የተደረገው ነው። ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ በተመጠነ ሙጫ ከተነከረ ጨርቅ ተሠርቶ አውቶክሌቭ በተባለው የግፊት ምድጃ ውስጥ ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ባለ ሙቀት የበሰለው ነው። የሙቀቱ ነገር ተራ ዝርዝር አይደለም። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሙጫው፣ ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ሊጀምር ይችላል፤ በየካቲት ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ኮፈን፣ ከሥሩ ደግሞ የጋለ ሞተር ሲኖር፣ ወደዚያ ሙቀት መድረሱ የማይቀር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ኮፈን ከጥቂት ወራት በኋላ መሀሉ ይረግባል፣ የጨርቁ ድርና ማግም ክሊር በተባለው ቀለም አልባ የላይ ቅብ ላይ እየተነቀሰ ይወጣል።

ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት የሚያስፈልገው ዕቃውን ገልብጦ ማየት ነው። ፊቱን ሁሉም ሰው ያሳምረዋል። ጀርባው ላይ የሙጫ ኩሬ፣ የአየር አረፋ፣ የተንሻፈፈ ጨርቅ ወይም በጥቁር ቀለም የተሸፈነ ነገር ካለ፣ ሻጩ ሊያሳየው ያልፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የውስጠኛው አጽም ከላይኛው ቆዳ ጋር ዙሪያውን ሳይቋረጥ መጣበቁን በሳንቲም እየመቱ መስማት ይቻላል፤ የተጣበቀው ቦታ ደርቆ ይጮኻል፣ ያልተጣበቀው ድምፁ ይደፈናል። የቁልፉ እና የማጠፊያዎቹ ቡሎኖች የሚያዙበት ቦታ ውስጡ የብረት ሳህን ወይም የተወፈረ ካርቦን ሊኖረው ይገባል፤ ኮፈኑን በጉዞ ላይ የሚይዙት እነዚህ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሆኑ ነው። የሽመናው መስመርም ይታያል። በተለመደው ሁለት በሁለት ሽመና (እያንዳንዱ ክር በሁለት ክር ላይ፣ ከዚያ በሁለት ክር ሥር በሚያልፍበት) ሰያፍ መስመሮቹ ከመኪናው መሀል አንሥቶ እስከ ጠርዝ ድረስ ሳይጠማዘዙ መሄድ አለባቸው፤ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚገዛ ሰው ጥለቱ መወላገዱን በአንድ እይታ እንደሚለየው፣ ዓይን ከለመደ በኋላ ይህም አይሰወርም።

ሞዴሉን በትክክል ማዘዝም ቀላል አይደለም። የኢ 46 ሰዳን (ባለ አራት በሩ) ኮፈን ለኩፔው አይሆንም፤ ኩፔውም በ2003 እ.ኤ.አ. ፊቱ ስለታደሰ ከዚያ በፊትና በኋላ የተሠሩት አይለዋወጡም። በማጓጓዣው በኩል ደግሞ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ስሌት አለ። የአየር ጭነት የሚከፈለው በእውነተኛው ክብደት ወይም በመጠኑ ከሚሰላው ክብደት በሚበልጠው ሲሆን፣ የመጠኑ ክብደት የሚገኘው ርዝመት፣ ስፋት እና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝተው ለ6,000 ሲካፈሉ ነው። 160 በ150 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 120 ኪሎ ግራም ተብሎ ይቆጠራል፤ በውስጡ ያለው ኮፈን ከ10 ኪሎ ቢያንስ እንኳ ለውጥ የለውም። በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ፣ 10 በመቶ ሱር ታክሱ እና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው ማጓጓዣውን ከጨመረው ዋጋ ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ ስለተለወጠ፣ የቀድሞ ደረሰኝ ይዞ ማስላት ፈጽሞ አያዋጣም። ብዙ ሰው ካለ አብሮ አዝዞ በመርከብ ማስመጣት የተሻለ ነው። ሣጥኑ ሲደርስ ደግሞ ከመፈረም በፊት ማስከፈት፣ አራቱንም ማዕዘን ማየት እና ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ካርቦን የሚጎዳው ከጠርዙ ነውና።

የገጠምነው ቂርቆስ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ነው። ሥራውን የያዙት በፊያት እና በፔጆ ላሜራ ላይ እጃቸውን ያፍታቱ፣ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ብሎ የሚጠራቸው ባቲላሜራ ናቸው። ካርቦን ኮፈን ሲያገኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ይህንንም አልደበቁንም። እኔ ግን እሳቸውን መምረጣችን ትክክል እንደሆነ ያወቅሁት መኪናው ከመነካቱ በፊት ባደረጉት ነገር ነው። የድሮው ኮፈን ገና በመኪናው ላይ እያለ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት በየቦታው ለኩ፤ ልኩን ፓራፋንጎው ላይ በለጠፉት የወረቀት ፕላስተር ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ የማጠፊያዎቹንም ዙሪያ በማርከር ከበቡ። ጓደኛዬ ቸኩሎ፣ «ጋሼ፣ አዲሱ የራሱ ልክ የለውም እንዴ?» ሲላቸው፣ «ልጄ፣ ላሜራ ከተጣመመ ይመታል፣ ይመለሳል፤ ስቱኮም ይሸፍነዋል። ይህ ግን አይመታም። ስለዚህ የሚስተካከለው መኪናው ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ መኪናው የት እንደነበረ ካልጻፍኩ በኋላ በምን አውቃለሁ?» ብለው መለሱለት። ስለ ካርቦን አካል አገጣጠም ከሰማኋቸው ንግግሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

የድሮው ኮፈን ከወረደ በኋላ የሁለቱ ኩላሊት ቅርጽ ግሪሎች፣ አርማው፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ መርጫዎቹ ከነቱቧቸው እና የቁልፉ ብረቶች ወደ አዲሱ ተዛወሩ። ፓራፋንጎዎቹ ላይ ወፍራም ጨርቅ ተነጥፎ ኮፈኑ በሁለት ሰው ተይዞ ገባ፤ ቡሎኖቹም በጣት ብቻ ተጠመዘዙ። በዚህ ጊዜ የታየው ነገር የሚጠበቅ ነበር፦ በስተግራ ከመስታወቱ ጋ ያለው ማዕዘን ከፓራፋንጎው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከፊት ደግሞ በግራ መብራት በኩል ክፍተቱ ጠብቦ በቀኝ በኩል ሰፍቷል። ብዙ ጋራዥ በዚህ ደረጃ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ያነሣል። ጋሼ ግን ቅደም ተከተል ነበራቸው። መጀመሪያ ማጠፊያዎቹን በቡሎን ቀዳዳቸው ውስጥ ባለው ፈቀቅታ ልክ አንቀሳቀሱ፤ ከማጠፊያው ሥር ቀጭን ሮንዴላ በማውጣት ከፍ ያለውን ማዕዘን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያም የግራውን ፓራፋንጎ ቡሎኖች አላልተው በጥቂቱ ወደ ውጭ ገፉት። ኮፈኑን ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ሌላ ሥራ የሌለ እስኪመስል ድረስ ይህንኑ ደጋገሙት። በመጨረሻ ክፍተቱ በሁለቱም በኩል ወደ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀራረብ፣ የካርቦኑ ጠርዝ አንድ ጊዜም ሳይሞረድ ቀረ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር በዓይኔ ሥር ስለሆነ በደንብ አስታውሰዋለሁ። ረዳታቸውን ከጋራዡ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ጥቂት የብስኩት ሊጥ አስመጡ፤ ሊጡን በፌስታል ጠቅልለው በሞተሩ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ፣ በሞተር ሽፋኑ አናት፣ በአየር ማጣሪያው ሣጥን እና ከፊት በራዲያተሩ ድጋፍ ላይ አስቀመጡ። ኮፈኑ በቀስታ ተዘግቶ ሲከፈት ሊጡ የቀረለትን ውፍረት ለኩ። በአየር ማጣሪያው ሣጥን ላይ የነበረው ወደ 5 ሚሊ ሜትር ተጨፍልቆ ነበር። ሞተር በጎማ መቀመጫው ላይ ሲነሣና ሲወርድ ይናወጣልና ይህ አይበቃም አሉ፤ የሣጥኑ ማያያዣ ጎማ ያረጀ ሆኖ ስለተገኘ በአዲስ ሲተካ ክፍተቱ ሰፋ። ከመኪናው ፋብሪካ ውጭ የተሠሩ ኮፈኖች ውስጠኛ አጽም ከፋብሪካው አጽም ጋር ሁልጊዜ አንድ ስለማይሆን፣ ይህን ፍተሻ ሳያደርግ ኮፈን የሚዘጋ ሰው በመጀመሪያው ጉብታ ላይ ካርቦኑን ከውስጥ ሊያስመታው ይችላል።

የኢ 46 ኮፈን በግራና በቀኝ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ ይዞ ሌላው ሳይይዝ ሲቀር ከላይ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለቱም መያዛቸውን እያንዳንዱን ጎን ወደ ላይ በመሳብ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብረት ኮፈን ከፍ ተደርጎ ሲለቀቅ በክብደቱ ይቆለፋል፤ ካርቦን ግን ቀላል ስለሆነ በዚያ መንገድ አይቆለፍም፣ መወርወርም የለበትም። በመዳፍ ከቁልፎቹ በላይ ባለው በተጠናከረው ቦታ ተጭኖ መዝጋት ነው እንጂ መሀሉን መጫን ቆዳውን ከአጽሙ ያላቅቃል። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለጋዝ ዘንጎቹም ያስፈልጋል። ዘንጎቹ የተመጠኑት የብረቱን ክብደት እንዲያነሡ ስለሆነ፣ በካርቦን ላይ ሲገቡ ኮፈኑን በኃይል ይገፉታል፤ የሚያዙበት ነጥብም እየተጎነበሰ ይሰነጠቃል። ጉልበታቸው ያነሰ ዘንጎች መግዛት ወይም በተራ መደገፊያ ብረት መተካት ይቻላል። ጓደኛዬ ሁለተኛውን መረጠ፤ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። በራሴ የኋላ ኮፈን ላይም ያው ነገር ገጥሞኛል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ቀድሞ በዝግታ ይነሣ የነበረው አሁን በፍጥነት ስለሚነሣ፣ ከኋላው የቆመ ሰው እንዲጠነቀቅ እናገራለሁ።

ከኮፈኑ ፊት ሁለት ተጨማሪ መያዣ ፒኖች ማስገባት ውበት የሚቀንስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። በከተማ ፍጥነት ላይ አያስፈልጉ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ከኮፈኑ ሥር የሚገባው አየር ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ከፍተኛ ነው፤ ያ ኃይል ቀላልና ተጣጣፊ የሆነን ቆዳ ያርገበግበዋል። ስለዚህ ፒን ይግባ። ቀዳዳው ሲበሳ ከላይም ከታችም የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፣ ከሥር እንጨት ይደገፋል፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ተጀምሮ በደረጃ ይሰፋል፤ ሲጫኑት የጀርባው ጨርቅ ስለሚተረተር መሣሪያው በራሱ ፍጥነት እንዲቆርጥ መተው ያስፈልጋል። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ወዲያውኑ በኢፖክሲ መታሸግ አለበት፤ አለበለዚያ እርጥበት በካርቦኑ ክሮች መሀል ይገባል።

እርጥበት ሲነሣ ስለ ዝገት ማንሣት የግድ ይሆናል፤ በእኛ አገር ብዙም የማይነገር ጉዳይ ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከአሉሚኒየም ወይም ከተራ ብረት ጋር ተነካክቶ መሀላቸው ውሃ ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላውም ብረቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በማያቋርጥበት ከተማ ይህ በአንድ ክረምት የሚታይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ለዚህም የማይዝግ ብረት ቡሎን መጠቀም፣ በካርቦኑና በብረቱ መካከል የናይሎን ሮንዴላ ማስገባት፣ የማጠፊያው ብረት የሚያርፍበትን ቦታም በኢፖክሲ ወይም በቀጭን የፋይበር ግላስ ንብር መለየት ይገባል። አዲስ የማይዝጉ ቡሎኖችን ሶማሌ ተራ ማግኘት ይቻላል፤ ሲገዙ የጥርሱን ልክ ለማመሳከር የድሮውን ቡሎን ይዞ መሄድ ነው።

ፀሐዩን በተመለከተ ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆንን፣ አዲስ አበባ ለኢፖክሲ ምቹ ከተማ አይደለችም። ያልተሸፈነ ኢፖክሲ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያም ነጣ ብሎ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ብዙ ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲመጡ የሚያብረቀርቁት በሙጫው እንጂ በክሊር አይደለም፤ ስለዚህ ኮፈኑ ልኩ ከተገኘ በኋላ ወርዶ፣ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተለስልሶ፣ ጨረር የሚከላከል ባለ ሁለት ክፍል ክሊር መቀባት አለበት። ይህ ኮፈኑ ለልክ ከመሞከሩ በፊት ሳይሆን ከሙከራው በኋላ የሚደረግበት ምክንያት፣ በሙከራው ጊዜ ጠርዝ ቢሞረድ ወይም ቀዳዳ ቢበሳ ክሊሩ ያንን ሁሉ እንዲሸፍን ነው። ጨርቁን ብርጭቆ ወረቀቱ ከነካው ጥቁር ውሃ ይወጣል፤ ያኔ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

ስለ ብናኙ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጋራዦቻችን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ረዳቶች ናቸው። የካርቦን ክር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ያነሰ ነው፤ ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚነሣው ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቆስላል፣ ወደ ሳንባም ይገባል። በጨርቅ አፍን ማሰር ምንም አይጠቅም። ቢያንስ ኤን 95 ጭምብል፣ መነጽር፣ ጓንት እና ረጅም እጅጌ ልብስ መኖር አለበት፤ መሞረዱም በውሃ ቢሆን ብናኙ አይነሣም። ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሞተሩ በተከፈተበት መኪና አጠገብ መቁረጥም ክልክል ነው፤ ዳይናሞ ወይም የፊውዝ ሣጥን ውስጥ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው። የጭምብሉን ዋጋ ባለመኪናው ራሱ ይዞ ቢሄድ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለኮፈኑ ያን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው ለሚሠራለት ልጅ ጤና ማሰብ አያቅተውም።

አየር ማስወጫ ቀዳዳ ያለው ኮፈን ይሻላል ወይስ ያልተበሳው ለሚለው ጥያቄ መልሴ እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል። የሳሳ አየር ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀትም አነስተኛ ስለሆነ፣ እንጦጦን በቁጣ የሚወጣ መኪና ከቀዳዳው ይጠቀማል። በክረምት ግን ዝናቡ በቀጥታ በማቀጣጠያ ኮይሎቹ ላይ እንዳይወርድ ከቀዳዳው ሥር ውሃ የሚቀበልና ወደ ጎን የሚያፈስ ገበቴ ያስፈልጋል፤ ገበቴ ሳይኖረው የሚሸጠውን ባይገዙት ይሻላል እላለሁ። ጓደኛዬ ያልተበሳውን ነው የገዛው።

ከተገጠመ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ለተወሰኑ ቀናት ከተነዳ ቡሎኖቹ ሁሉ እንደገና መታየት አለባቸው፤ የማጠፊያዎቹ ቀድመው ይላላሉ። ለኢንሹራንስ ድርጅቱም ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅ እና የኮፈኑን ደረሰኝ ማያያዝ ይገባል፤ አደጋ ቢደርስ የሚተካው የብረቱ ዋጋ እንዳይሆን ነው። የወረደው የብረት ኮፈን ደግሞ አይሸጥም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ያሉን የስፖርት መኪኖች የፋብሪካ አካላቸው ከዓመት ዓመት እየጠፋ የሚሄድ ነው። የጓደኛዬ ኮፈን ማጠፊያው በዘይት ተቀብቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከወላጆቹ ቤት ዕቃ ክፍል ውስጥ በቁሙ ተቀምጧል፤ ተኝቶ ዕቃ ከተጫነበት ላሜራውም ይረግባልና።